እንዳልሸና ብዬ ያልጠጣሁት ውሃ

ይህን የምጽፈው ለሴቶች ልጆች ነው። ወንዶችም ቢያነቡት አልጠላም፤ በተለይ ትምህርት ቤት የሚመሩ፣ ክሊኒክ የሚሠሩና ስብሰባ ላይ ከፊት የሚቀመጡ። እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ ሲወራ ያሳፍራል ይሉኛል። እኔን ካሳፈረኝ ይልቅ ያሳመመኝ ስለሚበልጥ በስሙ ጠርቼው እናገራለሁ። ሽንት ነው። ሽንትና ውሃ።

የጅማ ልጅ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት ጅሬን ነው። በደርግ ጊዜ ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ የተመደብኩት ከአጋሮ ወዲያ ባለች አንዲት የቡና ከተማ ነበር። ስሟን አልጠራም። አብዛኛው ሰው ደግ ነው፤ ክፉዎቹም ቢሆኑ ልጆች አሏቸው። ከተማ ትባል እንጂ አንድ ረጅም መንገድ፣ በግራና በቀኝ የቆርቆሮ ቤቶች፣ ከበላይዋ የቡና ጫካ፣ ከበታችዋ ወንዝ ነበረች። የተከራየሁት ባላቸው ከሞቱባቸው አንዲት እናት ቤት ነው። አገሩ ሁሉ ሃደ ኑራ ይላቸዋል፤ በኦሮምኛ የኑራ እናት ማለት ነው። ኑራ የሚባለው ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ስለነበር እኔን እንደ ልጅ ያዙኝ። «ኢንተለ ኮ» ነበር የሚሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

መጀመሪያ ላይ ውሃ አላስቸገረንም። ዝናቡ ገና ስላላባራ ከቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን በበርሜል እንይዝ ነበር። ነገር የተበላሸው የቡና ለቀማ ሲጀመር ነው። ከከተማዋ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ወንዙ ዳር፣ የመንግሥት የቡና ማጠቢያ ነበረ። እሸቱ ቡና እዚያ ይፈለፈላል፣ ይታጠባል፤ ገለፈቱና እጣቢው ተመልሶ ወንዙ ውስጥ ይለቀቃል። ጥቅምት ሲጋመስ ውሃው ቀላ፣ ኅዳር ላይ ጠቆረ። ሽታው የኮመጠጠ ሊጥ ከበሰበሰ ቅጠል ጋር እንደተቀላቀለ ያለ ነው። ከብቶች አፋቸውን አስጠግተው፣ አሽትተው ይመለሱ ነበር። የታጠበበትን ሰው ገላውን ያሳክከዋል። በነጠላ አጠለልነው፤ ሽታው አለ። አፈላነው፤ ጭራሽ ባሰበት፣ ቤቱ በሙሉ ሸተተ።

የከተማዋ ሽማግሌዎች ተሰብስበው አቤት ለማለት ሄዱ። የማጠቢያው ኃላፊ ከበር ላይ መለሳቸው።

«ቡና የውጭ ምንዛሪ ነው» አላቸው። «ሽታው አስጠላን ብላችሁ የሀገር ሥራ ልታስቆሙ ነው? እንዲህ የሚያስወራችሁ ማን ነው?»

በዚያ ዘመን «የሚያስወራችሁ ማን ነው» የሚለው ጥያቄ ምን እንደሚያስከትል ሁሉም ያውቃል። ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። ኃላፊው ራሱ የሚጠጣው ውሃ ግን ከአጋሮ በመኪና፣ በጀሪካን ይመጣለት ነበር። በወሬ አይደለም የሰማሁት። ጀሪካኑ ሲወርድ ቆሜ አይቻለሁ፤ ሹፌሩም «ቀስ አድርጉት፣ የኃላፊው ውሃ ነው» ሲል ሰምቻለሁ።

ለእኛ የቀረን ከማጠቢያው በላይ፣ ጫካው ውስጥ ያለ አንድ ቀጭን ምንጭ ነበር። ሴቶቹ ማልደው ይወጣሉ፣ ወረፋ ይዘው አንድ አንድ እንስራ ይቀዳሉ፣ ዳገቱን አጎንብሰው ይወርዳሉ። ሃደ ኑራ በዚያ ዕድሜያቸው ተሸክመው የመጡትን ውሃ እያየሁ ሁለተኛ ኩባያ ለመቅዳት እጄ አይታዘዝልኝም ነበር። እኔም የዕረፍት ቀን እወጣ ነበር፤ የሥራ ቀን ግን የምጠጣው ጠዋት አንድ ስኒ ሻይ፣ ማታ አንድ ስኒ ሻይ ሆነ።

ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ትምህርት ቤቱ ነው።

የትምህርት ቤታችን ሽንት ቤት በክረምቱ ዝናብ ተደርምሶ ጉድጓዱ ብቻ ቀርቷል። ወንዶቹ መምህራን ከግቢው ወጣ ብለው ዛፍ ሥር ይቆማሉ፤ ማንም ምንም አይላቸውም። ሴት መምህርት እኔ ብቻ ነበርኩ። በአንድ በኩል ዋናው መንገድ፣ በሌላው በኩል ቡና ለቃሚ የሞላበት ጫካ ነው። የት ልሂድ? ዳይሬክተሩን ጠየቅሁት።

«ለእሱ የተያዘ በጀት የለም» አለኝ። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ «ታገሺ እንጂ! ትልቅ ሴት አይደለሽም እንዴ?» አለ።

የጠዋት ፈረቃ አስተምራለሁ፣ የከሰዓት ፈረቃ አስተምራለሁ፣ ከዚያ ለጎልማሶች መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ። ታገሺ ማለት ከንጋት እስከ ምሽት ታገሺ ማለት ነው። ስለዚህ መላ ፈጠርኩ፤ ካልጠጣሁ አልሸናም። ሴት ተማሪዎቼም ቀድመውኝ ይህንኑ መላ ፈጥረው ኖሯል። ከረፋዱ በኋላ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ዓይናቸው ፈዞ ነበር የሚቀመጡት። ሰነፎች ናቸው ይሏቸው ነበር። አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከጤና መጽሐፉ «ሰው በየቀኑ በቂ ንጹሕ ውሃ መጠጣት አለበት» ብዬ ጻፍኩ። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ ነበር። አርባ የሚሆኑ ልጆች ጮክ ብለው ደገሙልኝ። ከሴቶቹ አንዲቱም የጠጣች አልነበረችም።

ሕመሙ በራስ ምታት ጀመረኝ። ቀጥሎ ሽንቴ ጠቆረ፤ የሻይ ቅጠል የበዛበት ሻይ ይመስል ነበር። ከዚያ ማቃጠል መጣ። ሲመጣ ያጣድፈኛል፣ ስቀመጥ ጠብታ ነው። ከጎድን አጥንቴ በታች፣ በቀኝ በኩል፣ ወገቤን ሰቅዞ ያዘኝ። በመጨረሻ ብርድ ብርድ አለኝና ጥርሴ እስኪንገጫገጭ ተንቀጠቀጥኩ።

ክሊኒክ ሄድኩ። ክሊኒኩ አንድ ድሬሰር፣ ማለትም ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት የሠለጠነ ሰው፣ ብቻውን የሚሠራበት ነበር። ግንባሬን ዳሰሰና «ወባ ነው» አለኝ። የወባ ክኒን ሰጠኝ። ሰውነቴን ከማሳከክ በቀር ምንም አልፈየደልኝም። ተመልሼ ሄድኩ፤ አሁንም ወባ ነው አለ፣ አሁንም ክኒን። ሃደ ኑራ በበኩላቸው «ብርድ መትቶሽ ነው» ብለው ወገቤን በሞቀ ጨርቅ ያዙልኝ። የሳቸው ጨርቅ ከክኒኑ ይሻል ነበር።

በሦስተኛው ሐፍረቴን ዋጥ አድርጌ «ስሸና ያቃጥለኛል» አልኩት።

የያዘውን እስክሪብቶ አስቀምጦ ቀና ብሎ አየኝ። በሩ ክፍት ነበር። ከውጭ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል።

«ባል አለሽ?» አለኝ።

«የለኝም። እጮኛ አለኝ፤ ጅማ ነው።»

«እሱ ጅማ ነው። እዚህስ?»

«እዚህ ምን?»

«እዚህ ማን አለሽ?» ድምፁን ዝቅ እንኳ አላደረገም። «ለዚህ በሽታ መርፌ አለን። ነገር ግን አብሮሽ ያለው ሰውም መጥቶ መወጋት አለበት።»

«አብሮኝ ያለ ሰው የለም!»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የምትሉት» አለና መርፌውን ማዘጋጀት ጀመረ።

ሽንቴን አላየም። ማይክሮስኮፕ ስለሌለው አልፈርድበትም። ግን «ውሃ ትጠጫለሽ ወይ? የት ነው የምትሸኚው?» ብሎ መጠየቅ ምን መሣሪያ ይፈልጋል? አፍ ብቻ ነው የሚፈልገው። አፍ ነበረው፤ ለሌላ ተጠቀመበት።

መርፌው ለጥቂት ቀን አስታገሰልኝ። ያ ደግሞ በእኔ ላይ ማስረጃ ሆነ፤ «አየሽ፣ በሽታሽ ያው ነበር» ተባለ። አግዳሚው ላይ የነበረው ሰው ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱ ለገበያው ነገረ። የእጮኛዬ የከድር የአጎት ልጅ እዚያው ማጠቢያ ቡና መዛኝ ነበር፤ ወሬው ከእኔ በፊት ጅማ ገባ። በማላውቀው ነገር ባለጌ ተባልኩ። ይህን ስጽፍ የሚሰማኝ ሐዘን አይደለም፣ ንዴት ነው።

ሕመሙ ሲመለስ ቀድሞ ከነበረው ከፍቶ ተመለሰ። ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳስተምር ወገቤን በጩቤ የወጉኝ ያህል ተሰማኝና ሰሌዳው ሥር ተቀመጥኩ። አስመለሰኝ። ሴቶቹ ተማሪዎች ደግፈው ቤት አደረሱኝ። ሃደ ኑራ ሲያዩኝ ነጠላቸውን አጣፉ።

«ተነሺ፤ ጅማ እንሄዳለን። የሰው ልጅ እዚህ አስቀምጬ ለእናቷ ሬሳ አልልክም» አሉ።

ያኔ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ሳይያዝ አይኬድም። የቀበሌው ሊቀመንበር ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ነው የሚያነጋግረው።

«ወዴት ነው?»

«ጅማ፣ ለሕክምና» አልኩ። በበሩ መቃን ተደግፌ ነበር የቆምኩት።

«እኛስ ክሊኒክ የለንም እንዴ?»

«አልተሻለኝም።»

«ነገሩን ሰምቻለሁ» አለና አብሮት የተቀመጠውን ሰው አይቶ ሳቀ።

ሃደ ኑራ ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። «ምንድነው የሰማኸው? ስትወለድ እናትህን ደግፌ የያዝኩ እኔ ነኝ፤ ያኔ ምን ትመስል እንደነበር ልንገርልህ? ፈርምና አፍህን ዝጋ።»

ፈረመ። ሽጉጥ የማይፈሩ አሮጊት ማለት እሳቸው ናቸው።

አውቶቡስ ስላልነበረ ቡና የጫነ መኪና ላይ ተሳፈርን። መንገዱ ጎርባጣ ነው፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ወገቤ ላይ ያርፋል። ሹፌሩ ጩኸቴን ሲሰማ መኪናውን እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ አድርጎ ነዳልኝ። ስሙን አላውቅም፤ አላህ ያክብረው።

እናቴ መልእክት ደርሷት ከጅሬን ወርዳ ሆስፒታሉ በር ላይ ጠበቀችን። ኮሪደሩ በሕሙማን ተጨናንቋል። ካርድ ለማውጣት አንድ ወረፋ፣ ሐኪም ለማየት ሌላ ወረፋ። አግዳሚው ስለሞላ ሲሚንቶው ላይ ተኛሁ፤ የማላውቃት ሴት የራሷን ጋቢ አጥፋ ከራሴ ሥር አደረገችልኝ። ትኩሳቱ ሲያነደኝ ሞቼ የምቀበር መሰለኝ። ከሞት በላይ የፈራሁት ግን ስለ እኔ የተወራው ሳይስተካከል መሞትን ነበር።

ያየኝ ሐኪም የውጭ ሀገር ሰው ነው፣ በዕድሜ የገፋ። አንዲት ሲስተር ታስተረጉምለት ነበር። ወገቤን በእጁ ጠርዝ ቀስ ብሎ መታ ሲያደርገኝ ጮህኩ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀ።

«በቀን ምን ያህል ውሃ ትጠጫለሽ ይልሻል» አለችኝ ሲስተሯ።

ከታመምኩ ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ነው። ነገርኩት። ስለ ወንዙ፣ ስለ ምንጩ፣ ስለ ተደረመሰው ሽንት ቤት፣ ከንጋት እስከ ምሽት ስለ መታገሴ። ሲስተሯ እያስተረጎመች ድምፅዋ እየተለወጠ ሄደ። ሐኪሙ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ።

ሽንቴ ተመረመረ፣ ራጅ ተነሳሁ። ውጤቱን ሲስተሯ አልጋዬ ዳር ተቀምጣ አስረዳችኝ። ውሃ ሲጠጣ ሽንት ይበዛል፤ ሽንት ሲወርድ ጀርሙን ጠርጎ ይወስዳል። ካልተጠጣና ሽንት ተይዞ ከዋለ ግን ጀርሙ ይራባል፣ በቧንቧው ሽቅብ ወጥቶ ኩላሊት ይገባል። ሽንቱም ሲወፍር እንደ ጨው ይረጋል፤ ጠጠር የሚባለው እሱ ነው። እኔ ሁለቱም ነበሩብኝ።

«ሲስተር» አልኳት፣ እናቴ ውጭ መሆኗን አይቼ፤ «ከወንድ የሚመጣ ነው እንዴ?»

«ማን ነው ያለሽ?»

«ድሬሰሩ።»

«ሽንትሽን አይቶ ነው?»

«አላየም።»

«አንቺ የታመምሽው ሽንት ቤት አጥተሽ ነው» አለችኝ። «ሌላ የሚልሽ ካለ ወደ እኔ ላኪው።»

ግሉኮስ ተሰቀለልኝ፣ መርፌ ጠዋትና ማታ ተወጋሁ። እናቴ የተፈላ ውሃ በፔርሙዝ ከጅሬን እየያዘች ትመላለስ ነበር። አፌ ሁሌ ውሃ ውሃ ይለኝ ነበር፤ ሽታ የሌለው፣ ቀለም የሌለው ውሃ። ጠጥቼ አልጠግብም። ጠጠሩ የወረደ ቀን ያየሁትን ሕመም አልገልጸውም፤ የወለዱ ሴቶች ያውቁታል ቢባል ማጋነን አይደለም።

ከድር የመጣው ትኩሳቱ ከለቀቀኝ በኋላ ነው፣ በጥየቃ ሰዓት። ብርቱካን ይዟል። ሳይቀመጥ ቆመ።

«ረሂማ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አለ።

«ስለ ምን?»

«ሰው የሚያወራውን ሰምተሻል።»

«ኩላሊቴን ነው የታመምኩት፣ ከድር።»

«እኔ አምንሻለሁ። ግን እናቴ… ቤተሰቡ… ሲስተሯ መጥታ ብትነግርልኝ። ከሐኪም አፍ ቢሰሙ ይሻላል ብዬ ነው።»

እናቴ ፔርሙዙን እንደያዘች በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። እኔ ቀደምኳት።

«ብታምነኝ ምስክር አትፈልግም ነበር» አልኩት። «ብርቱካንህን ይዘህ ሂድ።»

«ረሂማ፣ እንዲህ አትበይ…»

«ልጄ ትድን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅህም» አለችው እናቴ። «ሽማግሌ ልካችሁ ጠየቃችሁን፤ እኛም ሽማግሌ ልከን እንመልሳለን። በል፣ ሰላም ሂድ።»

ከወጣ በኋላ ትራሱ እስኪርስ አለቀስኩ። ሲስተሯ መጥታ አየችኝና ኩባያ ሞልታ ሰጠችኝ። «እንባም ውሃ ነው፤ ያፈሰስሽውን ተኪ» አለች። ከዚያ ሁሉ ወራት በኋላ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ስወጣ ሐኪሙ አንዱ ኩላሊቴ እንደተጎዳና እንደማይመለስ ነገረኝ፤ ሌላው ግን ለሁለቱም ይበቃል። ዕድሜዬን ሙሉ እንድጠጣ አዘዘኝ። ሽንትሽ የገለባ ቀለም ካለው ደህና ነሽ፤ ከጠቆረ ውሃ ጎድሎብሻል አለኝ። ለእናንተም የምለው ይህንኑ ነው። ቀለሙን እዩ። ሲያቃጥል፣ ወገብ ሲይዝ፣ ብርድ ብርድ ሲል ዝም አትበሉ፤ ማንም ምንም ይበላችሁ፣ ሽንቴን መርምሩልኝ በሉ። እና አትያዙት። ስለ እግዜር፣ ስለ አላህ፣ አትያዙት።

እናቴ አትመለሺ ብላ ለመነችኝ። ዝውውር መጠየቅ እችል ነበር። ተመለስኩ። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም፤ ንዴቱ ሌላ ቦታ ወስጄ የማስቀምጠው ዓይነት ስላልነበረ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ክሊኒኩ ነው። አግዳሚው እንደ ድሮው በሰው ሞልቷል፣ በሩም ክፍት ነው።

«ኩላሊት ነበር» አልኩት ድሬሰሩን፣ ከበሩ ሳልገባ።

«እንኳን ለዚህ አበቃሽ» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

«ለእነዚህም ንገራቸው። ያን ጊዜ ሁሉም ሰምተው ነበር፤ ዛሬም ይስሙ።»

ተነስቶ መጣና በሩን ዘጋው። እኔ ታካሚ በነበርኩ ጊዜ ያልተዘጋው በር ለእሱ ሲሆን ተዘጋ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እስከ ዛሬም አልጠየቀኝም። አግዳሚው ላይ የነበሩት ሴቶች ግን ሰምተዋል።

ዳይሬክተሩ አሁንም በጀት የለም አለ። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጓሮ ግን ጥሩ ሽንት ቤት ነበረ፤ ቁልፍ ያለው፣ የኮሚቴው። በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት ሴት ተማሪዎቼን በሰልፍ አሰልፌ ወደዚያው ወሰድኳቸው። ሊቀመንበሩ ወጣ።

«ጓድ መምህርት፣ ይህ ምን ሰልፍ ነው?»

«የሽንት ሰልፍ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«በማን ፈቃድ ነው?»

«ያለ ፈቃድ የሚመጣ ነገር ነው» አልኩ። አንዷ ልጅ ሳቀች፣ ሌሎቹም ተከተሉ።

«ይህ ፀረ አብዮት ቅስቀሳ ነው! የት እንደሚያደርስሽ ታውቂያለሽ?»

አውቅ ነበር። ከዚያ ባነሰ ነገር ተወስደው ያልተመለሱ ነበሩ። ግን በልጆቹ ፊት ወደኋላ ማለት አልቻልኩም፤ በየተራ አስገባኋቸው። በማግስቱ በሩን ቆለፈው፤ እኛም በሩ ፊት ቆመን ዋልን። ቀጥሎ ሃደ ኑራ መጡ፤ ከኋላቸው የልጆቹ እናቶች፣ ከምንጩ ሲመለሱ፣ እንስራቸውን እንደተሸከሙ። ቆሙ ብቻ። እናቶችን ሁሉ ከነእንስራቸው ማሰር ለእሱም አስቸጋሪ ሆነበት መሰለኝ፣ ሳምንቱ ሳይወጣ የገበሬ ማኅበሩ ለትምህርት ቤቱ ጉድጓድ እንዲቆፍር አዘዘ። የተማሪዎቹ አባቶችም ከምንጩ በበቅሎ ውሃ እያመጡ የትምህርት ቤቱን በርሜል በየተራ መሙላት ጀመሩ። ማጠቢያውን ግን ማንም አልነካውም፤ በየዓመቱ ለቀማ ሲደርስ ወንዙ ይጠቁር ነበር። ያንን አላሸነፍንም።

ሽንት ቤቱ ሲያልቅ ሊቀመንበሩ ምረቃ ይደረግ አለ። ባንዲራ ተሰቀለ፣ የማጠቢያው ኃላፊም ተጋብዞ ከፊት ተቀመጠ። ሊቀመንበሩ ግራ እጁን ወደ ላይ ወርውሮ መፈክር አሰማ፤ ይህ የአብዮቱ ፍሬ ነው፣ የሰፊው ሕዝብ ድል ነው እያለ ረዥም ንግግር አደረገ። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረ።

«አሁን ጓድ መምህርት በሴት ተማሪዎች ስም ምስጋና ታቀርባለች» አለ።

ወጣሁ። ከፊት የተቀመጡትን አላየኋቸውም። ከኋላ፣ ፀሐይ ላይ የቆሙትን ሴቶች ልጆች አየሁ።

«ልጆች» አልኳቸው፤ «ከነገ ጀምሮ ውሃ ጠጥታችሁ ኑ።»

ሌላ የምለው ስላልነበረኝ ወርጄ ተቀመጥኩ። ከፊት ያጨበጨበ የለም። ከኋላ ግን ጭብጨባው ቶሎ አላበቃም።